አጎቴ ያልደረደሩት በገና

ቤዝ ጊታር የሚጫወትን ሰው ሠርግ ላይ ማንም አያየውም። ድምፃዊው ይሸለማል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ይደነቃል፣ ድራም መቺውን እንኳ ልጃገረዶች ዘወር ብለው ያዩታል። ቤዙ ጥግ ላይ እንደ ምሰሶ ይቆማል፤ ስለ ምሰሶ የሚያወራ ሰው ደግሞ የለም። እኔ ይህ ተስማምቶኝ ነው የኖርኩት። መታየት አልወድም እያልኩ እመጻደቅ ነበር። ውሸቴን ነው። የሚያመሰግነኝ አጥቼ እንጂ ምስጋና ጠልቼ እንዳልነበር ያወቅሁት በአጎቴ ምክንያት ነው።

በዚያን ጊዜ መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ከፊት ባንኮኒ፣ አንድ ያረጀ ኮምፒውተር፣ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫ የተንጠለጠለበት ሽቦ፤ ከኋላ ደግሞ በባና የተጋረደች ጓዳ። የሞባይል ስልክ ገጠሩን ማዳረስ የጀመረበት ዘመን ስለነበር ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ እኔ ዘፈንና መዝሙር እጭንለታለሁ። የቀበሌ ሰዎችም ከስብሰባ በፊት በድምፅ ማጉያ የሚለቁትን የልማት ዘፈን የሚያስጭኑት እኔው ዘንድ ነበር። ከተማውን በጆሮው የያዝኩት ይመስለኝ ነበር።

ጓዳዋን ስቱዲዮ እላታለሁ። ድምፅ እንዳይወጣ ግድግዳዋን ሁሉ በባና ሸፍኛታለሁ፤ ያ የመንዝ የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ድምፅ ሲውጥ ጉድ ነው። ክረምት ሲሆን ግን እርጥበቱ ይገባበትና ጓዳዋ በግ በግ ትሸታለች። ለመቅዳት የመጡ ዘፋኞች አፍንጫቸውን ይዘው የወጡበት ጊዜ አለ።

ከሙዚቃ ባንዳችን የቀረችው አንዲት አምፕሊፋየር መብራት ሄዶ ሲመለስ ተቃጠለችብን። ቤዝ ያለ አምፕሊፋየር ደግሞ ሽቦ የተወጠረበት እንጨት ነው። ይህን የሰማ አንድ አዲስ አበባ ያለ ጓደኛዬ በፍላሽ አንድ ሶፍትዌር ላከልኝ። ሥራው አምፕሊፋየርን ማስመሰል ነው። ጊታሩን በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ስታገናኘው ስክሪኑ ላይ የአምፕሊፋየር ሥዕል ይመጣል፤ ቁልፎቹን በማውስ ታዞራለህ፣ ስፒከሩን ትልቅ ወይም ትንሽ ታደርጋለህ፣ ከስፒከሩ ፊት የተሳለውን ማይክ እንኳ እየጎተትክ ታቀርባለህ፣ ታርቃለህ። በጆሮ ማዳመጫው የምትሰማው ድምፅ አዳራሽ ይሞላል። ክፍሉ ውስጥ ግን ምንም የለም። ከአጠገብህ የተቀመጠ ሰው የሚሰማው ጣትህ ሽቦውን ሲነካ የሚወጣውን ጭረት ብቻ ነው። እኔ በዚህ ነገር ዓይኔ በራ። ባለሀብቶች ብቻ የሚገዟቸው ማጉያዎች ሁሉ በአንድ ቀን የእኔ ሆኑ፤ ለነገሩ የተሰረቀ ኮፒ ነበር፣ እሱም ቢሆን ብዙ አላሳሰበኝም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ወላጆቼ ካረፉ በኋላ ያሳደጉኝ እሳቸው ነበሩ። ወደ ጓሳ በሚያወጣው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ደብር በመሪጌታነት ያገለግላሉ፣ ገብስ ያርሳሉ፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ ደግሞ በገናቸውን ከጨርቁ ያወጣሉ። በገናቸው ትልቅ ነው፣ አውታሩ ከበግ አንጀት የተፈተለ። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር እንዝራ የሚባል ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ያንን የሚነዝር፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። እኔንም ሊያስተምሩኝ ሞክረዋል። አልተቀመጥኩላቸውም። ጊታር ይዤ ሠርግ ለሠርግ መዞር ስጀምር ምንም አላሉኝም፤ ጊታሬን ግን «ያ ግንድህ» ይሉት ነበር። «ያ ግንድህ ደኅና ነው?» ብለው ይጠይቁኛል፣ እንደ ዘመድ።

ከዚያ ደም ግፊት ጣላቸው። ግራ ጎናቸው ሽባ ሆነ፣ አፋቸው ተያዘ። ሚስታቸው ካረፉ ብዙ ጊዜ ስለሆነ የሚያስታምማቸው ጎረቤት ነበር። በቃሬዛ ተሸክመው የደብሩ ጠበል አወረዷቸው፤ ሐኪም ያዘዘውንም ኪኒን ይወስዱ ነበር። እየቆየ አፋቸው ተፈታ፣ እግራቸውም ከዘራ ተደግፎ መራመድ ጀመረ። ግራ እጃቸው ግን እንደተኛ ቀረ። በገና የሚደረደረው ደግሞ በግራ እጅ ጣቶች ነው። አጎቴ ስለዚህ ነገር ሲያማርሩ አልሰማሁም። በገናው ግን ከግድግዳው አልወረደም።

ያኔ ጾሙ ሊገባ ሲል ሐኪሙ የደም ግፊታቸውን በየጊዜው ልለካው ስላለ ወደ እኔ አመጣኋቸው። ጓዳዋ ውስጥ አልጋ ዘረጋሁላቸው። ከሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ኮምፒውተሩን ሲያዩ ቆዩና፦

«ይኼ ነገር የሰው ድምፅ ይይዛል አልከኝ?» አሉ።

«ይይዛል ጋሼ።»

«እንግዲያው እነዚያን የደረስኳቸውን ግጥሞች ያዝልኝ። አብረውኝ እንዳይቀበሩ።»

ማይኩን አቆምኩላቸው። ድምፃቸው በሚያስደንቅ ሁኔታ ይጀምራል፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ሲደርሱ ዜማው ይንሸራተታል። ደግመው ይሞክራሉ፣ ይንሸራተታል። በመጨረሻ ማይኩን በቀኝ እጃቸው ገፋ አደረጉት። «አውታሩ ነበር ለካ የሚይዘኝ» አሉ።

ያኔ ነው ነገሩ የመጣልኝ። እኔ በቤዙ ዜማውን ልያዝልዎት አልኳቸው።

«በግንድህ?» አሉ እየሳቁ። ሳቃቸው ቶሎ ጠፋ። «አንተ ልጅ፣ በመዝሙር ላይ ጊታር? ስንት ዘመን ያገለገልኩበት ደብር ምን ይለኛል?»

«ማንም አይሰማውም። እርስዎ ብቻ ነዎት በማዳመጫው የሚሰሙት። እውነተኛ ማጉያ ቢሆን ኖሮ ጩኸቱ በእርስዎ ማይክ ይገባ ነበር፤ ይኼ ግን ክፍሉ ውስጥ ድምፅ የለውም። የእርስዎ ለብቻው ይቀዳል፣ ጊታሩ ለብቻው። ከዚያ ጊታሩን አጠፋዋለሁ።»

«ይጠፋል?»

«እንዳልነበረ ይሆናል።»

ፊቴን አዩኝ። «ጾም ስለሆነ ማልልኝ አልልህም» አሉና የጆሮ ማዳመጫውን በቀኝ እጃቸው አጠለቁ።

እውነቱን ለመናገር፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። መጀመሪያ ያመጣሁት ማጉያ ድምፁ ንጹሕና ለስላሳ ነበር። አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ «ጥጃ ነው የሚያለቅሰው» አሉ። የሮክ ተጫዋቾች የሚወዱትን አመጣሁ፤ «ይኼ ደግሞ ወፍጮ» አሉ። ስፒከሩን አሳነስኩ፣ ከላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ ቆረጥኩ፣ የማይኩን ሥዕል እየጎተትኩ ስፒከሩ ላይ ለጠፍኩት፣ ሽቦውን ከአንገቱ ሥር መምታት ትቼ ሽቦዎቹ ወደሚታሰሩበት ጫፍ፣ ወደ ድልድዩ ተጠጋሁ። አንድ ጊዜ ሳላስበው ነዘረ። አጎቴ ቀና አሉ።

«እንደሱ! ትንሽ እንዝራውን አላላው።»

እንዝራ የት አለና? ግን ገባኝ። ድምፁን የሚያሻክረውን ቁልፍ ጥቂት መለስኩ።

«ታችኛው አውታር በዛ። እህ… አሁን ቆዳውን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው።»

እንዲህ እያልን ዋልን። እሳቸው የሌለ በገና ያስተካክላሉ፣ እኔ የሌለ አምፕሊፋየር ቁልፍ አዞራለሁ። ልጅ ሆኜ ልማር ያልተቀመጥኩት ትምህርት ያን ቀን ነው የተማርኩት። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘመሩ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ቦታ አልተንሸራተቱም። ሲጨርሱ ማዳመጫውን አወለቁና ቀኝ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«በል አሁን አጥፋው» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ።»

አጥፍቼውም ነበር። ጊታሩ የተቀዳበትን መስመር ዘግቼ ድምፃቸውን ለብቻው ሰማሁት። ጥሩ ነው፤ ግን በስንኝና በስንኝ መካከል ባዶ ነበር፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ጓደኛውን የሚጠብቅ ይመስላል። መልሼ ከፈትኩት። ነገ አጠፋዋለሁ አልኩ። በማግሥቱም ነገ አልኩ።

በገበያ ቀን ከደብራችን የመጣ አንድ ዲያቆን መዝሙር ሊያስጭን ሱቄ ገባ። እኔ ያንኑ ከፍቼ እየሰማሁ ነበር። ቆሞ ቀረ። «መሪጌታ ናቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ባንኮኒው ላይ ተደግፎ እስከ መጨረሻው ሰማ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ።

«በገናው! በገናው እኮ እንዴት ነው! ልዩ ነው!»

ጊታር ነው ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ነበር። ግን ያቺን ቃል ስናገር ያ ሁሉ አድናቆት ወደ ምን እንደሚለወጥ አውቃለሁ፤ ፊቱ ይከስማል፣ በመዝሙር ላይ ጊታር ይለኛል። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ ስጫወት ሰምቶ ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ፈገግ ብዬ ሚሞሪውን ተቀበልኩትና ጫንኩለት። «እጃቸው ተሻላቸው ማለት ነው?» ሲለኝ ሌላ ገበያተኛ ቻርጀር ጠየቀኝ፤ እሱን ማስተናገድ ጀመርኩ። ዲያቆኑም መልስ ያገኘ መስሎት «ተመስገን» እያለ ወጣ።

ከዚያ በኋላ መዝሙሩን እኔ አላሰራጨሁትም፤ አያስፈልገውምም ነበር። ሰው ስልክ ለስልክ እያስጠጋ በብሉቱዝ ይቀባበለው ጀመር። አውቶቡስ ውስጥ ሰማሁት። ወፍጮ ቤት በር ላይ ሰማሁት። ሁሉም ስለ አንድ ነገር ያወራል፦ መሪጌታ እጃቸው ተፈትቶ በገና ደረደሩ፣ ጠበሉ ፈወሳቸው። አጎቴ ከደብራቸው ርቀው እኔ ዘንድ ስለነበሩ እጃቸውን አይቶ ወሬውን የሚያስተባብል ጎረቤት አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጋቢያቸውን ተከናንበው ስለሚሄዱ ከተማም ውስጥ እጃቸውን ያየ የለም። ሰዎች መንገድ ላይ ጎንበስ ብለው «እንኳን እግዚአብሔር ማረዎት» ይሏቸዋል። እሳቸው አፋቸው ስለ ተፈታ የሚሏቸው ይመስላቸውና «አሜን፣ አሜን» ይላሉ። እኔ ከጎናቸው እሄዳለሁ። ክንዳቸውን ደግፌ።

እንዲያውም አንድ ቀን «የዚህ ከተማ ሰው እንዴት ደግ ነው» አሉኝ። እህል ከአፌ ወደ ሆዴ አልወርድ እያለኝ ነበር፤ ይህንንም የማደርገው ለጾሙ ክብር እንደሆነ መሰላቸውና አመሰገኑኝ።

ልነግራቸው አስብና እተወዋለሁ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ሞልቶኛል። ማን ተጎዳ? እላለሁ። ሰው ተጽናና እንጂ ማን ተጎዳ?

ማን እንደተጎዳ የተጎዳው ሰው ሚስት መጥታ ነገረችኝ።

ጾሙ ሊጋመስ ሲል ይመስለኛል። አንዲት ሴት ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ እግሯ በአቧራ ተሸፍኖ ሱቄ ደጃፍ ቆመች። ስልኳን በመሐረብ ጠቅልላ ይዛዋለች።

«የመሪጌታን መዝሙር የምትጭነው አንተ ነህ አሉኝ» አለች።

«አዎ እህቴ፣ ግቢ።»

«አገራችን ቀየት የሚባል ቦታ ነው። ባለቤቴ እንደሳቸው ነው የሆነብኝ፤ አንድ ጎኑ አይታዘዝለትም። ከጾሙ መያዣ ጀምሮ የእሳቸው ጠበል ላይ ነን። እሱ መዝሙሩን ከሰው ስልክ ሰምቶ ቀን ማታ እሱን አሰሚኝ ይለኛል። ለራሱ ልያዝለት ብዬ ነው።»

ስልኳን ተቀበልኳት። «ሕክምናስ?» አልኳት።

«ኪኒን ሰጥተውት ነበር። መዝሙሩን ከሰማን ወዲህ ትተነዋል። እምነታችን ጎድሎ እንዳይሆን ብዬ አስቀመጥኩት። መሪጌታን ያየ አምላክ እሱን አይረሳውም።» ከዚያ ባንኮኒው ላይ ጠጋ አለች። «ሰው ብዙ ያወራል፤ አንተ ግን ዘመዳቸው ነህ አሉኝ። በሞቴ እውነቱን ንገረኝ። በዓይንህ አይተሃል? እጃቸው ሲደረድር በዓይንህ አይተሃል?»

አጎቴ ከባናው ጀርባ ነበሩ። እኔና እሳቸውን የሚለየን አንድ ጨርቅ ብቻ ነው። ጸሎታቸውን ሲያደርሱ እሰማቸው ነበር፤ ሴትየዋ መናገር ከጀመረች ወዲህ ግን ጸሎቱን ማቋረጣቸውን ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

«ኪኒኑን ባያቋርጥ ጥሩ ነው» አልኩ። ይህ ነው ከአፌ የወጣው።

«እሱን አልጠየቅሁህም» አለች።

ሌላ ሰው ቢሆን አዎ ወይም አይደለም ይላል። እኔ ገመዱን ስልኳ ላይ ሰካሁና ስክሪኑን ማየት ጀመርኩ። መዝሙሩን ጫንኩላት። አዎን፣ ጫንኩላት። እውነቱን ንገረኝ ብላ ፊት ለፊት ስትለምነኝ፣ እኔ ውሸቱን በገመድ አድርጌ እያስተላለፍኩላት ነበር።

ባናው ተገለጠ። አጎቴ ከዘራቸውን ተደግፈው ወጡ። ሴትየዋ ስታያቸው መሬት ለመሳም ጎንበስ ማለት ጀመረች፤ ተይ አሏት። ባንኮኒው ዘንድ መጡ። ከዘራቸውን አስደገፉ፤ በቀኝ እጃቸው ጋቢያቸውን ገለጡና ግራ እጃቸውን ክርኑ ላይ ይዘው አንስተው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፤ ዕቃ እንደሚቀመጥ።

«ንኪው» አሏት።

አልነካችውም። አፏን ይዛ ታየው ነበር። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተቆልምመዋል፣ ጥፍሩን ያን ጠዋት እኔ ነበርኩ የቆረጥኩላቸው።

«ንኪው ልጄ። አልተፈታም። ምላሴን ፈቶልኛል፣ እግሬን ፈቶልኛል፣ ይኼን ግን አልፈታውም። እኔ ጠበሉንም እጠመቃለሁ፣ ኪኒኑንም እውጣለሁ፤ ሁለቱም የሱ ናቸው። ዛሬውኑ ሂጂና ኪኒኑን ስጪው።»

«ታዲያ በገናውን…» አለች።

«የኔ እጅ አይደለም።»

ሴትየዋ ወደ እኔ አየች። እኔን የጠረጠረች አይመስለኝም፤ የምታየው ነገር ስለጠፋት ነው። ስልኳን ከገመዱ ነቅላ፣ መሐረቡን ሳትጠቀልልበት፣ ሮጣ ወጣች። ስትሮጥ አየኋት፤ በዚያ መንገድ እስከ ጠበሉ ድረስ ምን ያህል እንደሚሮጥ አላውቅም።

አጎቴ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እንዲሰድቡኝ ጠበቅሁ። ቢሰድቡኝ ዕዳዬ ይቀልልኝ ነበር።

«ያጠፋኸው መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ላጠፋው ነበር ጋሼ።»

«ለዚህ ነው ለካ አሜን ሲያሰኙኝ የከረሙት።» ግራ እጃቸውን በጋቢያቸው መልሰው ሸፈኑ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ሲነዝር ሰምቼ ደስ አለኝ። ደስ ባይለኝ ኖሮ ደግመህ አጥፋው እልህ ነበር።»

ያቺን ንግግር እስከ ዛሬ አልወደድኳትም። ከእኔ ጥፋት ላይ ቆርሰው የወሰዱብኝ ይመስለኛል፤ የቀረልኝ ደግሞ በዚያ ምክንያት አልቀነሰም።

ለእሑዱ ቅዳሴ በቅሎ ተከራይተው ወደ ደብራቸው ሄዱ። አብሬዎት ልሂድ አልኩ፣ ሱቅህን ጠብቅ አሉኝ። እውነት ለመናገር ሁለተኛ አልለመንኳቸውም። ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆመው «ድምፁ የእኔ ነው፣ አውታሩ የእኔ አይደለም» አሉ። እጃቸውን አሳዩ። ደርዳሪው ማን እንደሆነ ቢጠየቁም አልተናገሩም፤ ጊታር የሚል ቃልም ከአፋቸው አልወጣም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያ ዲያቆን ነው፣ እኔኑ ሱቄ ውስጥ ፊት ለፊት እያየኝ። ሰዉም ሁሉ አላመናቸውም። ግማሹ ከትሕትና ነው አለ። ግማሹ ደግሞ ተፈትቶ ነበር፣ ጸጋውን ስለ ሸሸጉት ተመልሶ ያዛቸው አለ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት መዝሙር አልዘመሩም። ግጥሞቻቸውንም ድጋሚ ቅዳልኝ አላሉኝም።

ቤዙ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ነበር። ሶፍትዌሩን ግን አላጠፋሁትም፤ ኮምፒውተሩን በከፈትኩ ቁጥር ያ ቅንብር፣ ያ ትንሽ ስፒከር፣ ያ የተለጠፈ ማይክ እንደተውኩት ይጠብቀኛል።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዝናቡ ሳይከብድ፣ ያቺ ሴት ተመልሳ መጣች። ብቻዋን ሱቁ ገባች። ከውጭ አንዲት በቅሎ ታስራለች፤ ጥላው ላይ አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል።

«እንደምን ከረምክ?» አለችኝ። «ባለቤቴን ለሐኪም ቀጠሮ ይዤው መጥቼ ነው። ኪኒኑን ይወስዳል። ግፊቱ ወርዷል አሉን።»

«ተመስገን» አልኩ፤ ከልቤ ነበር። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ፣ እንዳልመለስ ፈርቼ፣ «እህቴ፣ በገናው እኔ ነበርኩ። በገናም አይደለም፣ ጊታር ነው። በኮምፒውተር ያስመሰልኩት ነው። ያን ቀን ስትጠይቂኝ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አልኳት።

ብትጮህብኝ ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን ወደ በሩ ዞር ብላ ባሏን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች።

«ሌላ ሰው መሆኑን መሪጌታ ነግረውኝ የለ? አንተ መሆንህን አላወቅሁም እንጂ።» ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለች። «ለሱ ግን አልነገርኩትም።»

«ምኑን?»

«እጃቸው አለመፈታቱን። መሪጌታ በደብሩ ሲናገሩ እኛ ወደ አገራችን ተመልሰን ነበር። ኪኒኑን መሪጌታም ይውጣሉ አልኩት፣ እሺ ብሎ ዋጠ። ያንን መዝሙር እየሰማ ነው ጣቱን ለማንቀሳቀስ የሚታገለው። ሐኪሙም ያንቀሳቅስ ነው የሚለው። እኔ ስለምነው ግን እምቢ ይላል፣ ያንን ሲሰማ ብቻ ነው የሚሞክረው። አሁን አንተን ሊያይህ ነው የመጣው። የሳቸው ዘመድ ነው ብዬዋለሁ።» እጄን ያዘችኝ። «በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ አትንገርብኝ።»

ደግፋ አስገባችው። ፊቱ ደግ የሆነ፣ ረጅም ሰው ነበር። ወንበር አቀረብኩለት፤ ሲቀመጥ ወዲያው ፊቴን ማጥናት ጀመረ፤ በእኔ በኩል አጎቴን የሚያይ ይመስል።

«አንተ ነህ የመሪጌታ የእህት ልጅ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር።» ሚስቱ ከኋላው ቆማ ታየኛለች። «እጃቸው ሲደረድር በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ» አልኩት።

ራሱን በእርጋታ ነቀነቀ፤ ሌላ መልስ አልጠበቀም ነበር። ከዚያ ግራ እጁን በቀኙ አንስቶ ጭኑ ላይ አመቻቸው፣ ጥርሱን ነክሶ ጣቶቹን ለማንቀሳቀስ ታገለ። ግንባሩ በላብ ራሰ። ጣቶቹ አልተነቃነቁም። ቀና ሲል የእኔን ፊት አየና አዘነልኝ።

«አይዞህ» አለኝ። «ጊዜ ይፈልጋል። ለሳቸውም ወዲያው አልሆነላቸውም።»